ስለ መምህርነት ሽልማትና ስለ ማመልከቻው አዘገጃጀት

ከመገናኛ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ሰው ሁለት መንገድ ያገኛል። አንደኛው በጉርድ ሾላና በሲኤምሲ በኩል ወደ አያት ይወስደዋል፤ ሁለተኛው በላምበረት አልፎ ወደ ኮተቤ ያደርሰዋል። ወደ ደቡብ ቢታጠፍ ደግሞ በኢምፔሪያል አድርጎ ወደ ገርጂና ወደ ቦሌ ይገባል። በእነዚህ መንገዶች ግራና ቀኝ ያሉት የከፍተኛ ትምህርት ተቋሞች ጥቂት አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1959 ተጀምሮ በ1969 ወደ ኮተቤ የተዛወረውና ዛሬ ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ የሚባለው የመምህራን ማሠልጠኛ፥ በ1987 ዓ.ም. በኮሌጅነት የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲ፥ በገርጂ ያለው ዩኒቲ ዩኒቨርሲቲ ከታወቁት መካከል ናቸው። ምድር ቤቱ ሱቅ ወይም ባንክ፥ ፎቁ የመማሪያ ክፍል በሆነ የኪራይ ሕንፃ ውስጥ የሚያስተምሩት የግል ኮሌጆች ግን ከእነዚህ በቁጥር ይበልጣሉ።

በዚህ ሁሉ ቤት ውስጥ በየቀኑ ማስተማር አለ። ከሚያስተምሩት መካከል በላቀ ሁኔታ የሚያስተምረው ማን እንደ ሆነ ተጠይቆ፥ መልሱ በማስረጃ የሚሰጥበት ጊዜ ግን እምብዛም አይገኝም። ተማሪ ከተማሪ ጋር ሻይ ሲጠጣ «እገሌ ከሁሉም ይበልጣሉ» ይላል፤ ምክንያቱን ሲጠይቁት «በቃ፥ ጎበዝ ናቸው» ብሎ ያልፋል። የትምህርት ክፍሉም በዓመቱ መጨረሻ አንድ ሰው መርጦ ላክ ሲባል፥ ብዙ ጊዜ የሚመለከተው ማን ብዙ ጽሑፍ እንዳሳተመ፥ ወይም የማን የግምገማ ነጥብ ከፍ እንዳለ ነው። ሁለቱም ለመቁጠር የሚቀሉ ነገሮች ናቸው። ጠንክሮ የሚያስተምር፥ ፈተናውን የማያቀል፥ በወረቀት ያልታወቀ መምህር ግን በዚህ አቆጣጠር ሳይታይ ይቀራል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ፥ ለመምህርነት ሽልማት የሚቀርብ ማመልከቻ እንዴት እንደሚዘጋጅ፥ በውስጡም ምን ሊገባ እንደሚገባ ለማስረዳት እሞክራለሁ። ነገሩ መምህራንን ብቻ የሚመለከት አይደለም፤ ከማስረጃው የሚበዛው በእኛ በተማሪዎች እጅ ነው።

በመጀመሪያ አንድ ችግር መታወቅ አለበት። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1964 ከበደ ሚካኤልን በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ፥ አፈወርቅ ተክሌን በሥዕል ሲሸልም፥ ዳኞቹ የሚመረምሩት ነገር በእጃቸው ነበር። መጽሐፉ ይነበባል፤ ሥዕሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይታያል። የመምህር ሥራ ግን ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ አይደለም። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ሰሌዳው ይጠፋል፤ የተሠራው ሥራ በተማሪው አእምሮ ውስጥ ሆኖ ከበሩ ይወጣል። ስለዚህ ማመልከቻ የሚያዘጋጅ መምህር፥ ከደራሲና ከሰዓሊ በተለየ፥ የሄደውን ነገር መልሶ ማሳየት አለበት።

አባቶቻችን ለዚህ ችግር አንድ ዘዴ ነበራቸው፤ ዛሬም አልጠፋም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት አንድ ደቀ መዝሙር ድጓ ተምሮ ሲፈጽም ወደ ቤተ ልሔም ሄዶ ያስመሰክራል፤ ዝማሬና መዋሥዕት የተማረው ደግሞ ወደ ዙር አባ ይሄዳል። ከሌላ አገር ተምሮ የመጣውን ተማሪ በዚያ የሚሰማውና የሚያርመው ያስተማረው መምህር ሳይሆን የምስክር ቤቱ መምህር ነው። ተማሪው ሲመረመር፥ በስተጀርባው ያለው መምህርም አብሮ ተመረመረ ማለት ነው። «የማን ተማሪ ነህ?» የሚለው ጥያቄም ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ጥያቄው ስለ ተማሪው ይምሰል እንጂ፥ መልሱ የመምህሩን ደረጃ የሚናገር ነው። እኔ ይህን የማነሣው የቀድሞውን ለማወደስ ብቻ አይደለም። የዘመናዊው ዓለም ሊቃውንት ብዙ ተከራክረው የደረሱበት አሳብ፥ ማለትም የማስተማር ዋናው ማስረጃ የተማሪው መማር ነው የሚለው፥ በእኛ አገር እንግዳ አለመሆኑን ለማሳየት ነው። ልዩነቱ፥ አንድ የዩኒቨርሲቲ ኮሚቴ የተማሪውን መብሰል ብዙ ዓመት ጠብቆ ሊፈርድ አለመቻሉ ነው፤ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ወረቀት አይቶ መወሰን አለበት።

ወደ ሽልማት የሚያደርሱት መንገዶች ሁለት ናቸው፤ አንዱ ጥቆማ፥ ሁለተኛው ማመልከቻ ነው። ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ የሚሰጠው የበጎ ሰው ሽልማት መምህርነትን ከዘርፎቹ አንዱ አድርጎ ይዟል፤ እጩዎቹም ከሕዝብ በሚመጣ ጥቆማ ይሰበሰባሉ። በዚህ መንገድ መምህሩ ስለ ራሳቸው አንድ ቃል መናገር አያስፈልጋቸውም። በውጭ አገር ያሉት የታወቁት የዩኒቨርሲቲ መምህራን ሽልማቶች ግን ሁለቱን መንገዶች ያጣምራሉ። በካናዳ እ.ኤ.አ. በ1986 የተመሠረተው የስሪ ኤም ብሔራዊ የማስተማር ሽልማት፥ በእንግሊዝ አገር በ2000 የተጀመረው ብሔራዊ የመምህራን ሽልማት፥ እጩውን የሚያቀርበው ዩኒቨርሲቲው ወይም የሥራ ባልደረባው ሆኖ፥ ከጥቆማው ጋር የመምህሩ የሥራ ማስረጃ ተሟልቶ እንዲቀርብ ይጠይቃሉ። የእንግሊዙ ሽልማት መመዘኛዎች ሦስት ናቸው፤ የመምህሩ የግል ብቃት፥ በሌሎች መምህራን ላይ ያመጡት መሻሻል፥ ራሳቸውን ለማሻሻል ያደረጉት ጥረት።

ስለ ራስ የመጻፉ ነገር ለእኛ አገር ሰው ቀላል አይደለም። አንድ የተከበሩ ሰው ተነሥተው «እኔ በጣም ጥሩ አስተማሪ ነኝ» ቢሉ፥ የሚሰማው ሁሉ አንገቱን ይደፋል። ማመልከቻ ተጠይቀው የሚተዉት ብዙዎቹ፥ ሥራ ስለሌላቸው ሳይሆን ይህን ስለሚያፍሩ ይመስለኛል። ከዚህም የተነሣ ሜዳው ለማያፍረው ይለቀቃል። እኔ ግን እፍረቱ የሚመጣው ማመልከቻውን እንደ ምስጋና በመቁጠር ነው እላለሁ። ሐኪም የበሽተኛውን ካርድ ሲጽፍ ራሱን አያመሰግንም፤ ምን እንዳየ፥ ምን እንዳዘዘ፥ በሽተኛው እንዴት እንደ ዋለ ብቻ ይጽፋል። የመምህርም ማመልከቻ በዚሁ ዓይነት ቢጻፍ ነውር የለበትም። ምስጋናው አስፈላጊ ከሆነም በሌሎች አፍ ይነገር። በተግባር ሲታይ የሚሻለው ዘዴ፥ የትምህርት ክፍሉ ሁለት ባልደረቦችና አንድ የቀድሞ ተማሪ መድቦ፥ እነርሱ ማስረጃውን ከመምህሩ ጋር ሆነው እንዲሰበስቡ ማድረግ ነው። ባልደረቦቹ መምህሩ ራሳቸው እንደ ተራ ነገር የሚቆጥሩትን ሥራ ያዩታል፤ ተማሪው ደግሞ ባልደረቦቹ ሊያዩት የማይችሉትን ያስታውሳል።

አሁን ወደ ሰነዱ እንምጣ። ይህን ሰነድ ምን ብለን እንጥራው? እኔ «የማስተማር ማኅደር» እለዋለሁ። ማኅደር ማለት ማደሪያ ነው፤ ዳዊት የሚገባበት የቆዳ ማንገቻ ማኅደር ይባላል፤ በመሥሪያ ቤትም የሠራተኛው ወረቀት የሚቀመጥበት ፋይል በዚሁ ስም ይጠራል። የካናዳ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ማኅበር በ1980ዎቹ መጀመሪያ ስለ እንዲህ ያለ ማኅደር አዘገጃጀት መመሪያ አወጣ፤ አሜሪካዊው ፒተር ሰልዲን በ1991 ስለዚሁ ጉዳይ መጽሐፍ ካሳተመ በኋላ አሳቡ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ተስፋፋ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ኧርነስት ቦየር፥ ማስተማር ራሱ ከምርምር ጋር እኩል የሚታይ የሊቅነት ሥራ ነው ብሎ ስለ ጻፈ፥ ጊዜው ለዚህ የተመቸ ነበር።

በአገራችንም ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋሞች የተሰጠው፥ በኋላም ወደ ሌሎች የዩኒቨርሲቲ መምህራን የተስፋፋው የሃየር ዲፕሎማ ፕሮግራም፥ እያንዳንዱ ሠልጣኝ የሥራውን ማስረጃ በፖርትፎሊዮ እንዲያጠናቅርና ስለ ራሱ ክፍል ተግባራዊ ምርምር እንዲሠራ ያዝዝ ነበር። ይህን ሥልጠና የፈጸሙ መምህራን ቤታቸው ወይም ቢሯቸው ቢፈተሽ ወፍራም ማቀፊያ ሳይገኝ አይቀርም። ብዙዎቹ ምስክር ወረቀቱን ከወሰዱ በኋላ አልከፈቱትም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ለሽልማት የሚዘጋጅ ሰው ከዚያ ቢጀምር ግማሹን ሥራ ተሠርቶ ያገኘዋል።

በማኅደሩ መጀመሪያ የሚገባው፥ መምህሩ ስለ ማስተማር ያላቸውን እምነት የሚገልጹበት ከአንድ እስከ ሁለት ገጽ የሚሆን ጽሑፍ ነው። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። ለምሳሌ ያህል አንዲት የስታቲስቲክስ መምህርት እናስብ። መምህርቲቱ፥ «ተማሪን ማዕከል ባደረገና አሳታፊ በሆነ ዘዴ፥ በትጋትና በፍቅር አስተምራለሁ» ብለው ቢጽፉ፥ ዓረፍተ ነገሩ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ከመቶ መምህራን ዘጠና ዘጠኙ ሊጽፉት የሚችሉት ነው። ዳኛው ከዚህ ምንም አይማርም። በዚህ ፈንታ እንዲህ ቢሉ ነገሩ ይለወጣል፦ «ተማሪዎቼ ቀመሩን በቃላቸው ያውቁት ነበር፤ በየትኛው ጊዜ እንደሚሠሩበት ግን አያውቁም። ስለዚህ በሁለተኛው ሳምንት መገናኛ ሄደው የታክሲ ሰልፍ እንዲለኩ አደረግሁ። አንዱ ቡድን በጠዋት፥ ሌላው በማታ፥ ሰው ስንት ደቂቃ እንደሚቆም መዘገበ። ክፍል ተመልሰን አማካዩን ስናወጣ ሁለቱ ሰዓቶች ተቀራረቡ፤ ሰልፈኞቹ ግን በማታው ይበልጥ ይማረሩ ነበር። ለምን? በዚህ ጥያቄ ስለ ልዩነት መለኪያ ማስተማር ጀመርሁ።» ይህን ያነበበ ዳኛ መምህርቲቱን ክፍል ውስጥ ያያቸዋል። እምነታቸው ምን እንደ ሆነም ሳይነገረው ይገባዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው ማስረጃው ነው። የኮርሱ መዘርዝር፥ ሃንድአውት፥ የፈተና ወረቀት፥ የቤት ሥራ፥ እነዚህ ሁሉ መግባት አለባቸው፤ ነገር ግን ተጠርዘው ሲከመሩ ብቻቸውን የሚናገሩት የለም። ከእያንዳንዱ አጠገብ ለምን እንደ ገባ አንድ ሁለት መስመር ሊጻፍበት ያስፈልጋል። የዚያችን መምህርት ምሳሌ እንቀጥል፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት ያህል እኔ ያበጀኋቸው ናቸው። በሴሚስተሩ መጀመሪያ ለ60 ተማሪዎች አንድ ጥያቄ ሰጥተው፥ ትክክለኛውን ዘዴ የመረጡት 14 ነበሩ እንበል። በመጨረሻው ፈተና በመልክ የተለየ፥ በጠባይ ግን አንድ የሆነ ጥያቄ ቢሰጡ 41 መረጡ። መምህርቲቱ ሁለቱን ጥያቄዎች፥ ስማቸው የተሸፈነና ፈቃዳቸው የተጠየቀ የሁለት ወይም የሦስት ተማሪዎች ወረቀት፥ በኅዳጉ ላይ ራሳቸው የጻፉትን እርማት ጨምረው ያቀርባሉ።

በዚህ ላይ አስተዋይ ዳኛ መቃወሚያ ያነሣል። «ተማሪ ከምንም ተነሥቶ አንድ ሴሚስተር ከተማረ፥ መሻሻሉ የማይቀር አይደለምን? ይህ የመምህሩ ሥራ መሆኑ በምን ይታወቃል?» ይላል። መቃወሚያው ትክክል ነው። ስለዚህ ከተቻለ የአምናው ክፍል፥ የታክሲው ሰልፍ ሥራ ከመጀመሩ በፊት፥ በተመሳሳዩ ጥያቄ ያገኘው ውጤት አብሮ ይቅረብ። ይህም ቢሆን ፍጹም ማረጋገጫ አይሆንም፤ የዘንድሮዎቹ ተማሪዎች ከአምናዎቹ የተሻለ ዝግጅት ኖሯቸው ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ማስረጃውን ከነድካሙ ያቀረበ ሰው፥ ድካሙን ከደበቀው ይልቅ ይታመናል። ከሁሉም በላይ ያልተሻሻሉት 19 ተማሪዎች አይዘለሉ። «እነዚህ ለምን ቀሩ? ከእነርሱ ጋር ተነጋግሬ ያገኘሁት ይህ ነው፤ በሚመጣው ዓመት ይህን እለውጣለሁ» የሚል አንድ አንቀጽ፥ በእኔ ግምት፥ ከአሥር የምስጋና ደብዳቤ ይበልጣል። ሽልማት የሚጠይቅ ሰው ስለ ወደቁ ተማሪዎች ይጽፋልን ብሎ የሚደነቅ ይኖራል። ነገር ግን የላቀ መምህር ከተራው የሚለየው ተማሪ የማይወድቅበት በመሆኑ ሳይሆን፥ የወደቀው ለምን እንደ ወደቀ በማወቁ ነው።

ተማሪን ምስክር ማድረግ በሌላም አገር የተሠራበት ነው። ኬንያዊው መምህር ፒተር ታቢቺ እ.ኤ.አ. በ2019 ዓለም አቀፉን የመምህርነት ሽልማት ሲቀበሉ፥ ያስተምሩ የነበረው በገጠር ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። ስማቸው ከተጠራባቸው ምክንያቶች አንዱ፥ የዚያ የድኻ ትምህርት ቤት ተማሪዎች በአገር አቀፍ የሳይንስ ውድድር አሸንፈው እስከ ዓለም አቀፍ ውድድር መድረሳቸው ነው። ደረጃው ከእኛ የተለየ ቢሆንም የማስረጃው ጠባይ አንድ ነው።

ስለ ተማሪዎች ግምገማ ጥቂት ሰፋ አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም በኮሌጆቻችን ብዙ ክብደት የሚሰጠው ለዚህ ነው። በሴሚስተሩ መጨረሻ ቅጽ ይሰጠናል፤ ወይም በኮምፒዩተር እንሞላለን። መምህሩ በሰዓቱ ይገባልን? ትምህርቱን ያብራራልን? ግሬድ በትክክል ይሰጣልን? ለእያንዳንዱ ቁጥር እንሰጣለን። በአንዳንድ ቤት ቅጹ ካልተሞላ ግሬድ አይታይምና፥ ተማሪው ግሬዱን ለማየት ቸኩሎ ከላይ እስከ ታች አንድ ቁጥር ይነካል። የዚህ ቁጥር አማካይ እስከ ሁለተኛ አሃዝ ተሰልቶ የመምህሩ የብቃት ምስክር ይሆናል።

ቁጥሩ ምን ያህል ይታመናል? እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፥ በኢንተርኔት በሚሰጥ ኮርስ ላይ አንድ ወንድና አንዲት ሴት አስተማሪ እያንዳንዳቸው ለአንዱ ቡድን በራሳቸው ስም፥ ለሌላው በጓደኛቸው ስም እንዲያስተምሩ ተደረገ። ተማሪዎቹ አስተማሪውን በዓይን አያዩም። ውጤቱ ሲታይ፥ ተማሪዎቹ ወንድ ነው ብለው ለገመቱት አስተማሪ፥ በእርግጥ ወንድም ሆነ ሴት፥ የተሻለ ነጥብ ሰጡ። የተጠኑት ተማሪዎች ጥቂት ስለ ሆኑ በዚህ አንድ ጥናት ብቻ መደምደም አይገባም። ነገር ግን በ2017 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሌላ ሥራ፥ ከፍ ያለ ነጥብ በሚሰጣቸው መምህራን ዘንድ የሚማሩ ተማሪዎች ከሌሎቹ የበለጠ ይማራሉ ለማለት የሚያበቃ ግንኙነት እንዳላገኘ ገልጿል። እነዚህ ጥናቶች በእኛ አገር የተሠሩ አይደሉም። ለዚህ ማኅደር ትርጉማቸው ግን ግልጽ ነው፤ መምህሩ ቁጥሩን ይደብቁ ማለት ሳይሆን፥ ቁጥሩ ብቻውን አይቁም ማለት ነው። የሁለትና የሦስት ዓመት ቁጥር በተከታታይ ይቅረብ፤ ስንት ተማሪ ከስንት እንደ ሞላው ይነገር፤ ተማሪዎች በቃላት የጻፉት አስተያየት፥ የሚነቅፈውም ጭምር፥ ይጨመር፤ ነቀፋው ተሰምቶ ምን እንደ ተለወጠም ይገለጽ።

የባልደረባ ምስክርነት እንዲሁ ነው። «አብረን ስንሠራ መልካም ጠባይ አላቸው» የሚል ደብዳቤ ስለ ማስተማር አይናገርም። ባልደረባው ክፍል ገብቶ ከኋላ ተቀምጦ ያየውን ቢጽፍ፥ አንድ ገጽ ይበቃል።

እስከ አሁን የተናገርሁት ሁሉ ቢሮ፥ ቁም ሣጥንና ኮምፒዩተር ላላቸው መምህራን ነው። በከተማችን ምሥራቅ በኩል ግን እንዲህ ያልሆነላቸው ብዙ ናቸው። ጠዋት ቦሌ፥ ከሰዓት በኋላ ገርጂ፥ ማታ ኮተቤ የሚያስተምሩ የትርፍ ጊዜ መምህራንን ሁላችንም እናውቃለን። የፈተናው ወረቀት በቦርሳቸው፥ እርማታቸው በታክሲ ውስጥ ነው። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ክፍያቸውን ተቀብለው ይሄዳሉ፤ የግምገማው ውጤት ትምህርት ክፍሉ ዘንድ ይቀራል፤ እርሳቸውም ላያዩት ይችላሉ። ሥራቸውን ጨርሰው ለሚመጡ የማታ ተማሪዎች የሚያስተምሩት ብዙ ጊዜ እነዚሁ ናቸው። አንድ ኮሌጅ የመምህርነት ሽልማት ሲያቋቁም ደንቡን «ቋሚ ሠራተኛ የሆነ» ብሎ ከጀመረ፥ እነዚህን ሁሉ ገና ሳይመረምር አስወጣቸው ማለት ነው። እኔ ይህን ልክ አይደለም ብዬ እቃወማለሁ። ሽልማቱ ለማስተማር ከሆነ፥ መጠየቅ ያለበት ስለ ማስተማሩ እንጂ ስለ ቅጥሩ ዓይነት አይደለም።

ለትርፍ ጊዜ መምህር ማኅደር ማዘጋጀት ይከብዳል እንጂ የማይቻል አይደለም። በየሴሚስተሩ መጨረሻ የግምገማውን ውጤት ግልባጭ በጽሑፍ መጠየቅ፥ አንድ የተሻሻለ ፈተና ከአሮጌው ጋር ማስቀመጥ፥ ከአንድ ክፍል ሁለት የተማሪ ወረቀት በፈቃድ ፎቶ አንሥቶ መያዝ፤ በዓመት ይህን ያህል ቢከማች ከሦስት ዓመት በኋላ በቂ ነው። ዋናው ጽሑፍ ከአሥር ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል። ዳኞችም ሰዎች ናቸውና ሁለት መቶ ገጽ ሲመጣላቸው የሚያነቡት የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ነው።

በመጨረሻ የሚቀረው የተማሪው ደብዳቤ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የምንጽፈው «መምህራችን እንደ አባት ናቸው፤ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥልን» የሚል ነው። ምርቃቱ ከልብ ነው፤ ለዳኛ ግን አይጠቅመውም። እኔ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን በተከታተልሁበት በሚሲዮን ትምህርት ቤት አንድ የሒሳብ መምህር ነበሩን። ደብተራችንን ማታ ሰብስበው ጠዋት ይመልሱ ነበር። በስሕተቱ ላይ መስቀል አያደርጉም፤ «እዚህ ድረስ ትክክል ነህ» ብለው በቀይ ያሰምሩና ከዚያ በታች ያለውን ባዶ ይተዉታል። ያን ባዶ ቦታ ሞልቼ መመለስ የእኔ ግዴታ ነበር። ደብተሩ እስከ አሁን አለኝ። ስለ እርሳቸው ደብዳቤ እንድጽፍ ብጠየቅ፥ «ደግ ነበሩ» ከምል ይልቅ የዚያን ደብተር አንድ ገጽ ባያይዝ ይሻላል፤ መስመሩ፥ ባዶው ቦታና የእኔ ሁለተኛ ሙከራ በአንድ ወረቀት ላይ ይታያሉና።

ስለዚህ ደብዳቤ የምትጽፉ ጓደኞቼ፥ የኮርሱን ስም፥ የተማራችሁበትን ዓመትና ሴሚስተር ጻፉ። ከዚያ ኮርስ በፊት የማትችሉትን፥ ዛሬ ግን የምትችሉትን አንድ ነገር ብቻ ምረጡና መምህሩ እንዴት ወደዚያ እንዳደረሷችሁ አስረዱ። ደብተር፥ ፕሮጀክት፥ የታረመ ጽሑፍ ካላችሁ ግልባጩን አያይዙ። ሥራ የያዛችሁ ከሆነም ያን ትምህርት በሥራችሁ ላይ የት እንደ ተጠቀማችሁበት ጨምሩ። ደብዳቤውን ለመምህሩ በእጅ አትስጡ፤ ታሽጎ ለኮሚቴው ይግባ። ገና በመምህሩ ክፍል የምትማሩ ከሆናችሁ ደግሞ፥ ግሬዱ ተጠናቆ ሬጅስትራር እስኪገባ ድረስ ቆዩ።